ሁለተኛው ፊርማ

ግራ የትኛው ነው? ጥያቄው ለሕፃናት የሚቀርብ ይመስላል። በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ቴክኒሻኑ በአፍንጫው በኩል ይቁም በጭራው፣ መሰላል ላይ ይውጣ ከሆዱ ሥር ይተኛ፣ ግራ ማለት ምንጊዜም የአብራሪው ግራ ነው፤ ወደ ፊት እያየ በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ግራ። ከአፍንጫው ፊት ለፊት ቆሞ አውሮፕላኑን የሚመለከት ሠራተኛ የራሱን ቀኝ እጅ ቢዘረጋ የሚያመለክተው የአውሮፕላኑን ግራ ክንፍ ነው። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆኑት አዛውንት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሀንጋር ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲሠሩ ይህን ሕግ ለብዙ ወጣቶች አስተምረዋል። እሳቸውም ረስተውት አያውቁም። አንድ ምሽት ብቻ እጃቸው ረሳው።

አዛውንቱ ዛሬ የሚኖሩት በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጆቻቸውን ተከትለው ሄዱ። በዚያ ግዛት የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ቡና ቤቱም፣ ለቅሶና ሠርጉም አለ። ጨዋታ ያጣ ሰው የለም። እሳቸው ያጡት ሥራ ነው። ዕድሜ ልኩን ቡሎን ሲያጠብቅ፣ ሽቦ ሲገምድ የኖረ እጅ በድንገት ከጉልበት ላይ ተቀምጦ መዋል አቃተው። ጋራዡን ጠራርገው፣ በራሳቸው እጅ አንድ አውሮፕላን ሊሠሩ ተነሡ።

የመረጡት አውሮፕላን የዚያው አገር ልጅ ነው። በደቡባዊ ሚኒሶታ፣ ቼሪ ግሮቭ በምትባል ትንሽ መንደር የኖረው በርናርድ ፒተንፖል ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ከእንጨትና ከጨርቅ የሠራውን አውሮፕላን ከፎርድ ሞዴል ኤ መኪና በወሰደው፣ 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ ባለው ሞተር አበረረው። ኤር ካምፐር ይባላል። ንድፉ እ.ኤ.አ. በ1932 በመጽሔት ታትሞ ከወጣ ወዲህ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በየጋራዣቸው ሲሠሩት ኖረዋል። ሁለት ሰው ይይዛል፤ ክንፉ ከተቀማጮቹ ራስ በላይ እንደ ጥላ ተዘርግቷል፤ አብራሪው የሚቀመጠው ከኋላ ነው። የአሜሪካ ሕግ፣ ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ለትምህርትና ለመዝናኛ ብሎ በገዛ እጁ ለሠራ ሰው እንዲህ ያለውን አውሮፕላን ያስመዘግብለታል። ጎኑ ላይ «ኤክስፔሪመንታል» ተብሎ ይጻፍበታል፤ መርማሪ ያየዋል፤ መንገደኛ ከመጫኑም በፊት የተወሰነ የሙከራ ሰዓት መብረር ይኖርበታል።

«ቦይንግ ሲጠግን የኖረ ሰው የእንጨት አውሮፕላን ምን ያደርግለታል?» ብለው የሚያሾፉ ወዳጆች አልጠፉም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ግን ያው ወዳጆች በቴሌቪዥን ፊት ዝም ብለው ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ትንሽ አውሮፕላን ለአሥርት ዓመታት ከቆየችበት የጣሊያን ሙዚየም ወጥታ ወደ አገሯ ተመለሰች። እሷም ያው የትንሽ አውሮፕላን ወገን ነበረች፤ ክፍት ወንበር፣ አንድ ሞተር፣ በመሪ ዘንግና በፔዳል የሚታዘዙ ክንፍና ጭራ። አዛውንቱ በዚያ ምሽት ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን ወደ ጋራዡ የገቡት ከወትሮው ቀደም ብለው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ወር አካሉ አልቆ፣ ክንፉ ተሸፍኖ፣ ሁሉም ነገር ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ አንድ የኪራይ ሀንጋር ተጓጓዘ። ክንፉ በቦታው ተሰቀለ። የቀረው መሪዎቹን ማሰርና ማስተካከል ነበር።

ይህ ሥራ ለማያውቀው ሰው ጥቃቅን ነው። አውሮፕላን በሰማይ ላይ የሚታዘዘው በሦስት ዓይነት ተንቀሳቃሽ ገጾች ነው። በክንፉ ጫፍና ጫፍ በጀርባው በኩል ያሉት ኤይለሮኖች ወደ ጎን ያዘነብሉታል፤ ከጭራው ላይ ጋደም ብሎ ያለው ኤሌቬተር አፍንጫውን ያነሣዋል ወይም ይደፋዋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ራደር አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ከአብራሪው እጅና እግር ተነሥተው እዚያ የሚደርሱት የብረት ገመዶች ናቸው። የአንዱ ገመድ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው። ተፈትቶ ቢታይ 7 ጉንጉኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ጉንጉን ደግሞ 19 ቀጫጭን ሽቦ፣ በጠቅላላው 133። ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ሕፃን በጣቱ የሚያጥፋቸው ሽቦዎች አንድ ላይ ሲገመዱ 900 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል በሀንጋር ውስጥ ተረት አይደለም፤ የሥራ ዕቃ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። በመጀመሪያ መሪ ዘንጉ በትክክል መሐል ላይ ቆሞ በጣውላ ይታሰራል። ከዚያ ኤይለሮኖቹ ከክንፉ ጀርባ ጋር እኩል እንዲሆኑ ቀጥ ያለ ጣውላ ከላይና ከታች ተደርጎ ይጣበቃል። ኤሌቬተሩና ራደሩም እንዲሁ። ሁሉም ነገር መሐሉን ይዞ ከቆመ በኋላ ነው ገመዶቹ በፑሌጃዎቹ ላይ ዞረው የሚገናኙት። ማገናኛው ተርንባክል የሚባል፣ በአንድ በኩል የቀኝ፣ በሌላ በኩል የግራ ጥርስ ያለው በርሜል ነው፤ በርሜሉ ሲዞር ሁለቱ ጫፎች ይቀራረባሉ፣ ገመዱም ይጠብቃል። ከበርሜሉ ውጪ ከሦስት በላይ ጥርስ መታየት የለበትም። በመጨረሻም በርሜሉ በራሱ እንዳይላላ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ጣውላዎቹ ከተነሡ በኋላ እያንዳንዱ ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች ስንት ዲግሪ እንደሚሄድ ይለካል፤ ከተፈቀደለት በላይ እንዳይሄድም ማቆሚያው ይስተካከላል።

የገመዱ ውጥረት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አዛውንቱ በኖሩበት የአሉሚኒየም ዓለም፣ ብርድ ሲመጣ አካሉ ከብረት ገመዱ የበለጠ ስለሚኮማተር ገመዱ ይላላል፤ ሙቀት ሲመጣ ይጠብቃል። በእንጨት አውሮፕላን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እንጨት በርዝመቱ በሙቀትና በብርድ እምብዛም አይለዋወጥምና፣ በብርድ የሚያጥረው ገመዱ ነው፤ በሚኒሶታ የበረዶ ወራት ይከርራል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ላይ የኖረውን ልማድ በዚህ አንድ ነገር ላይ መገልበጥ ነበረባቸው፤ ገለበጡትም። ኮርተውበታልም። ሰው ግን አንዱን ልማድ በጥንቃቄ ሲጠብቅ፣ ሌላው ከኋላው ሾልኮ ያመልጠዋል።

ከመሪ ዘንጉ ተነሥተው ወደ ክንፉ የሚወጡት የኤይለሮን ገመዶች የሚገናኙት በክንፉ መካከል፣ እርስ በርሳቸው ጥቂት ጣት ብቻ ተራርቀው ነው። አዛውንቱ በጋራዡ ሳሉ በእያንዳንዳቸው ጫፍ ላይ «ግ» እና «ቀ» የሚሉ ወረቀቶች ለጥፈው ነበር። በብርዱ ሙጫው ለቆ ከክንፉ በኩል ያሉት ሁለቱ ወረቀቶች ወደቁ። አዛውንቱ ከመሬት አነሥተው መልሰው ለጠፏቸው። ሲለጥፉ ግን መሰላሉ ከአፍንጫው በኩል ነበር፤ ፊታቸው ወደ ጭራው። በግራ እጃቸው በኩል ያለውን ገመድ «ግ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሁሉ እንከን የለሽ ነበር። «ግ»ን ከ«ግ»፣ «ቀ»ን ከ«ቀ» አገናኙ። ውጥረቱን ለኩ። ጥርሶቹን ቆጠሩ። ሽቦውን በፒንሳ ገመዱ። መሪ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን አስረው ወረዱ፤ ዲግሪውን አነበቡ፤ ወደ ሌላው ጎን አስረው እንደገና አነበቡ። ላይ ስንት፣ ታች ስንት፣ የግራው ከቀኙ ጋር እኩል፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በንድፉ ላይ እንዳሉት ሆኑ። ገመዱ የትም አይፈገፍግም፤ ፑሌጃው ቅቤ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የሥራ ደብተራቸውን ከፈቱ።

ደብተሩን የሠሩት በድሮው የሥራ ካርድ አምሳል ነበር። በትላልቅ አየር መንገዶች፣ መሪዎችን የነካ ሥራ የሠራው ሰው ብቻ ፈርሞ አያልፍም፤ በሥራው እጁ የሌለበት ሌላ ባለሙያ እንደገና አይቶ ይፈርማል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር አለ፤ «የሠራው» እና «ያረጋገጠው»። አዛውንቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ፈረሙ። ሁለተኛውን ጥቂት አዩት። ሀንጋሩ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ውጪው በረዶ ነው። ለሠላሳ ዓመት የሌሎችን ሥራ ሲያረጋግጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያም መስመር ላይ ፈረሙ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጃቸው ምሳ ይዛ መጣች። ዐቢይ ጾም ነበርና ሽሮና ጎመን ነው። እሷ በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ስለ አውሮፕላን የምታውቀው አባቷ ያጫወቷትን ብቻ ነው። ከምሳው በኋላ አዛውንቱ ደግፈው በኋለኛው ወንበር ላይ አስቀመጧት። መሪ ዘንጉን ያዘች፤ እንደ ልጅ ሳቀች።

«ወደ ግራ ላድርገው አባዬ?»

«አድርጊው፤ አይሰበርም።»

ወደ ግራ ገፋችው። አንገቷን ዘርግታ ወደ ግራ ክንፍ አየች።

«ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል! የግራው ወደ ታች ወረደ። ወደዚያ እንዲያዘነብል ነዋ!»

ያመሰገነች መስሏት ነበር። አዛውንቱ የሰሃን ክዳን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ።

ነገሩ ለጤናማ አእምሮ ትክክል ይመስላልና ልጂቱ አልተሳሳተችም። ወደ ግራ ለማዘንበል በግራ በኩል ያለው ነገር መውረድ ያለበት ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ኤይለሮን ወደ ታች ሲወርድ የዚያን ክንፍ የማንሣት ኃይል ይጨምረዋል፤ ክንፉም ከፍ ይላል። ወደ ግራ ለማዘንበል የግራው ኤይለሮን ከፍ፣ የቀኙ ዝቅ ማለት አለበት። ለዚህም አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፤ መሪ ዘንጉን አውራ ጣትን ወደ ላይ አቁሞ መያዝ። ጣቱ ወደሚያዘነብልበት ጎን ያለው ኤይለሮን ከፍ ማለት አለበት።

አዛውንቱ ክዳኑን አስቀመጡ። ወደ ጭራው ሄደው ከኋላ ቆሙ፤ ፊታቸውን ወደ አፍንጫው አዞሩ።

«እስቲ እንደገና ወደ ግራ።»

የግራው ወረደ።

«ወደ ቀኝ።»

የቀኙ ወረደ።

ይህ ስሕተት ከነሐሴ ብርድ ይልቅ አጥንት የሚሰብረው፣ ታሪኩን ስለሚያውቁት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1947 በእንግሊዝ አገር ዉድፎርድ ላይ አቭሮ ቱዶር የተባለ አውሮፕላን ለሙከራ እንደተነሣ ወደቀ። የኤይለሮኖቹ ገመዶች ተዘዋውረው ተገናኝተው ነበር። ከሞቱት መካከል የዝነኛው ላንካስተር ቦምብ ጣይ ንድፍ አውጪ ሮይ ቻድዊክ ይገኝበታል፤ አውሮፕላኑን ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው ሰው ውስጡ ተቀምጦ ነበር። ያ ዘመን አልፏል እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 2018 ከፖርቱጋል ከከባድ ጥገና የወጣ አንድ የኤምብራየር ጄት ስድስት ሰዎችን ይዞ ሲነሣ የኤይለሮኖቹ ገመዶች በተሳሳተ መንገድ ገብተው ተገኙ። አብራሪዎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ በሰማይ ላይ ሲታገሉ ቆይተው በቤጃ በሰላም አረፉ። እንዲህ ባለ አውሮፕላን ላይ ጎበዝ አብራሪነት ብቻውን አያድንም። ክንፉ ሲወድቅ እጅ በልማዱ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ እጁ በሄደ ቁጥር ክንፉ ይብስበታል። አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት መሪዎቹ «ነፃና ትክክል» መሆናቸውን ያያሉ። ነፃ መሆኑን እጅ ይነግራል። ትክክል መሆኑን የሚናገረው ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ ያልጠበቀውን ነገር ለማየት ይሰንፋል። አዛውንቱ በዚያ ምሽት ዲግሪውን አይተዋል፤ አቅጣጫውን ግን አላዩም።

ልጂቱ ከወንበሩ ወርዳ አጠገባቸው ቆመች። ምን እንደሆነ ነገሯት። ቁጣ ወይም ሰበብ አልጨመሩበትም። ደብተሩንም አሳዩዋት፤ ሁለቱንም ፊርማ።

«አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እኛ ኢንሱሊን ስንቀዳ ሌላ ነርስ ጠርተን እናሳያለን። ሃያ ዓመት የሠራችውም ታሳያለች። ምነው አላመናችሁኝም ብሎ የሚቀየም የለም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔው ነኝ ይህን ለሰው ሳስተምር የኖርኩት።»

በዚያ ቀን ገመዶቹን መልሰው አላገናኙም። የማሰሪያ ሽቦዎቹን ቆርጠው፣ በርሜሎቹን ፈትተው፣ ሁሉንም ጫፍ ልቅ አድርገው ትተው ሄዱ። እንዲህ ያለ ግማሽ ሥራ ማንም ሳያውቅ እንዳይነሣ በመሪ ዘንጉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩበት። ማታ ስልክ ደወሉ። በአሜሪካ የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ፣ በበጎ ፈቃድ እየዞሩ የሌላውን ሥራ የሚያዩ ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ እሳቸውን በዕድሜ የሚበልጡ አሜሪካዊ፣ በዚያው ሳምንት መጡ።

እንግዳው ስሕተቱን ሲሰሙ አልደነገጡም፤ አላጽናኑምም። «ይህን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አሉና ኮታቸውን አወለቁ። አዲሱን ምልክት የለጠፉት አዛውንቱ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ከጭራው በኩል ቆመው። ያገናኙትም እሳቸው ናቸው። እንግዳው በሥራው ላይ አንዲት ቡሎን አልነኩም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተመለከቱ። የነካ እጅ ያረጋገጠ ዓይን አይሆንምና። ሲያልቅ እንግዳው ወንበሩ ላይ ወጡ፤ አዛውንቱ ከጭራው ኋላ ቆሙ። አንዱ በእጁ የሚያደርገውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሌላው በዓይኑ ያየውን ጮክ ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ፤ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ተደገመ። ኤሌቬተሩም፣ ራደሩም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ብርቱው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ብርቱም ቢሆን የሚያየው ከአንድ ቦታ ቆሞ ስለሆነ ነው።

የደብተሩ ነገር ቀረ። በአውሮፕላን መዝገብ ላይ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፣ አይቀደድም። የቀድሞው ጽሑፍ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የሰረዘውም ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። አዛውንቱ ያንን ገጽ እንዲሁ ሰረዙት። ሁለቱ ፊርማዎች፣ የአንድ ሰው ሁለት ፊርማዎች፣ ከመስመሩ ሥር በግልጽ ይታያሉ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ «የሠራው» በሚለው ቦታ ፈርመው ደብተሩን ለእንግዳው አቀበሉ።

በግንቦት ወር የመጀመሪያውን በረራ ሊያደርጉ የመጡት፣ ይህን ዓይነት አውሮፕላን ደጋግመው ያበረሩ ሌላ ሰው ናቸው። ሞተሩን ከማየታቸው በፊት ደብተሩን ጠየቁ። ቆመው ገጽ በገጽ አነበቡ። የተሰረዘው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጥቂት ቆዩ፤ ወደ ቀጣዩ ገጽ ዞረው ሁለት የተለያዩ ፊርማዎችን አዩ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው የተሰረዘውን ደግመው አነበቡት። ምንም አልጠየቁም። ደብተሩን መልሰው ወንበሩ ላይ ወጡ፤ መሪ ዘንጉን አውራ ጣታቸውን አቁመው ያዙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣» አሉ፣ «እኔም ልየው።»

አዛውንቱ ሳይናገሩ ወደ ጭራው ሄደው ከኋላ ቆሙ። ልጃቸው ከአጥሩ ሥር ሆና ታያለች። መሪ ዘንጉ ወደ ግራ አዘነበለ።

«ግራ፣ ወደ ላይ!» ብለው ጮኹ።